የካንሰር መድኃኒትና የአንጀታችን ነዋሪዎች

በወላይታ ዞን ቀበሌዎች የጤና ባለሙያዎች ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ለነዋሪው እያደሉ የዓይነ ምድር ናሙና ሲሰበስቡ ማየት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ለዚህ ምክንያቱ «ጌሺያሮ» የተባለው መርሐ ግብር ነው። ስሙ በወላይትኛ ከንጽሕና ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ጤና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የውጭ አጋሮቻቸው የአንጀት ትላትሎችና የብልሃርዚያ መተላለፍ በዞኑ ውስጥ ጨርሶ ሊቋረጥ ይችል እንደሆነ የሚፈትሹበት ሥራ ነው። የጥናቱ ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ናሙናው ቤተ ሙከራ ሲደርስ ባለሙያው ካቶ-ካትዝ በሚባለው ዘዴ ጥቂቱን በመስታወት ስላይድ ላይ ደልድሎ በማይክሮስኮፕ የወስፋት፣ የመንጠቆ ትልና የጅራፍ ትል እንቁላሎችን ይቆጥራል። የሚፈልገው እንቁላሉን ስለሆነ፣ በዚያው ስላይድ ላይ የሰፈረውን ሌላ ሕይወት አይቆጥርም።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ስለማይቆጠረው ሕይወት ነው። በአንድ ግራም ዓይነ ምድር ውስጥ እስከ 100 ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ ይገመታል። በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ላይና ውስጥ የሚኖሩት በጠቅላላው 38 ትሪሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ መኖሪያቸው ትልቁ አንጀት ነው። እነዚህ ጥቃቅን ነዋሪዎች ያልተፈጨ ምግብ በማብላላት፣ አንዳንድ ቫይታሚኖችን በማዘጋጀትና ጎጂ ተሕዋስያንን ቦታ በመከልከል የሚሰጡት አገልግሎት በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሳይቀር የሚጠቀስ ነው። ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ ግን ብዙዎች ያልጠረጠሩት ሌላ ሥራ እንዳላቸው ታውቋል። ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ አዳዲስ መድኃኒቶች በአንዱ ታካሚ ላይ ፈውስን የሚያህል ለውጥ አምጥተው በሌላው ላይ ምንም ሳይሠሩ ሲቀሩ፣ ከልዩነቱ ምክንያቶች አንዱ በታካሚው አንጀት ውስጥ ተገኝቷል።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን አንድ ነገር እናስቀድም። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ከአዲሶቹ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ፔምብሮሊዙማብን ለተሠራጨ የማሕፀን በር ካንሰር ጭምር እንዲያገለግል አካቶታል። የአንድ ታካሚ የዓመት ወጪ በአሜሪካ ከ100,000 ዶላር በላይ ስለሆነ በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ ብቻ መድኃኒቱን ሶዶ አያደርሰውም። ቢሆንም የአንድ መድኃኒት ስም እዚያ መግባቱ የዋጋ ድርድርና የተመሳሳይ ምርት መንገድ የሚከፍት በመሆኑ፣ ከቦሎሶ ሶሬ ወይም ከሁምቦ ተነሥታ ሕክምና ፍለጋ የምትጓዝ እናት አንድ ቀን ልታገኘው ትችላለች። ያን ጊዜ መድኃኒቱ በማን አካል ውስጥ ተፈትኖ እንደ መጣ መጠየቃችን አይቀርም። ጥያቄውን ከወዲሁ ማንሣት የሚሻል ይመስለናል።

ልጓሙን መፍታት

የካንሰር ሕዋስ ከውጭ የመጣ ወራሪ አይደለም፤ ሥርዓቱን ስቶ ያለ ልክ መባዛት የጀመረ የራሳችን ሕዋስ ነው። ሆኖም ሲለወጥ በገጹ ላይ እንግዳ የሆኑ የፕሮቲን ቁራጮችን ስለሚያሳይ፣ ቲ-ሕዋሳት የተባሉት የነጭ የደም ሕዋስ ወገኖች ሊለዩትና ሊገድሉት ይችላሉ። ታዲያ ሁልጊዜ ለምን አይገድሉትም? ምክንያቱ ቲ-ሕዋሳት ልጓም ያለባቸው መሆኑ ነው። ይህ ሠራዊት ያለ ልጓም ቢለቀቅ የገዛ አካሉን ማጥቃቱ ስለማይቀር፣ በቲ-ሕዋስ ገጽ ላይ ሲቲኤልኤ-4 እና ፒዲ-1 የሚባሉ መግቻ ፕሮቲኖች ይገኛሉ። ብዙ የካንሰር ዕጢዎች ይህን ልጓም ራሳቸው መሳብን ያውቁበታል፤ ሊገድላቸው የመጣውን ሕዋስ ደጃቸው ላይ ያቆሙታል።

አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ሲቲኤልኤ-4ን፣ ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ፒዲ-1ን አጥንተው ልጓሙን በተዘጋጀ ፀረ-አካል መፍታት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚህ ምርምር የመነጨው ኢፒሊሙማብ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ደግሞ በ2014 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀዱ፤ ሁለቱ ሳይንቲስቶችም በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተጋሩ። እነዚህ መድኃኒቶች እንደ ኬሞቴራፒ የካንሰሩን ሕዋስ በቀጥታ አይመርዙም። የታካሚውን የመከላከል ኃይል ያነቃሉ፤ ሥራውን የሚሠራው ያ ኃይል ነው። ከዚህ የተነሣ ጉዳታቸውም የተለየ ነው፤ የተፈታው ሠራዊት አንዳንድ ጊዜ ጤነኛውን አንጀት፣ ቆዳ ወይም የእንቅርት ዕጢ ያጠቃል።

አካልን አንቅቶ ካንሰርን የማስመታት ሐሳብ ራሱ አሮጌ ነው። የኒው ዮርኩ ሐኪም ዊልያም ኮሌይ እ.ኤ.አ. በ1891 ሆን ብሎ ባክቴሪያ ወደ ሕሙማን ዕጢ ይወጋ ነበር። ከዚህ ይበልጥ የሚደንቀው የቢሲጂ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው፣ ዛሬ የአገራችን ሕፃናት እንደ ተወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፣ ከ1976 ጀምሮ በሽንት ፊኛ ውስጥ እየተጨመረ በፊኛ ካንሰር ላይ ይሠራል። የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ የመከላከያ ሕዋሳትን ወደ ቦታው ይጠራል። ቢሲጂን አንባቢያችን በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ እንፈልገዋለንና።

ከሁለት ቤት የመጡ አይጦች

የአዲሶቹ መድኃኒቶች ታላቁ ችግር ለሁሉም አለመሥራታቸው ነው። በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ እንኳ ምላሽ አይሰጡም። ተመራማሪዎች ምክንያቱን በዕጢው ዘረመልና በታካሚው ደም ውስጥ ሲፈልጉ ቆይተው፣ አንዱን ፍንጭ ያገኙት ከአይጦች ኩስ ውስጥ ነበር።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ጋዬቭስኪ ቡድን በዘር አንድ የሆኑ አይጦችን ከሁለት አርቢ ድርጅቶች ገዝቶ ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ካንሰር አስያዛቸው። ዕጢው በአንደኛው ድርጅት አይጦች ላይ በዝግታ፣ በሁለተኛው ላይ በፍጥነት አደገ። ዘራቸው አንድ፣ ካንሰሩም አንድ ነው። የተለያየው ያደጉበት ቤት ብቻ ነበር። ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሣጥን አብረው እንዲኖሩ ባደረጓቸው ጊዜ ልዩነቱ ጠፋ። አይጦች አንዱ የሌላውን ኩስ የሚበሉ እንስሳት ናቸውና፣ የሚጋሩት የአንጀት ባክቴሪያ ነበር። ቡድኑ ናሙናውን መርምሮ ቢፊዶባክቴሪየም የተባለውን ወገን ለየ፤ እርሱን ብቻ አጠጥተው የፒዲ-1 ተጣማሪ የሆነውን ፒዲ-ኤል1ን ከሚያግድ መድኃኒት ጋር ሲሰጡ የዕጢው ዕድገት ተገታ ማለት ይቻላል። በፈረንሳይ የሎረንስ ዚትቮጌል ቡድን ደግሞ ባክቴሪያ አልባ ሆነው ባደጉ አይጦች ላይ ሲቲኤልኤ-4ን የሚያግደው መድኃኒት እንደማይሠራ አሳየ። ሁለቱም ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ጎን ለጎን ታተሙ።

በአንጀት ያለ ባክቴሪያ በቆዳ ወይም በሳንባ ላይ ስላለ ዕጢ ምን አገባው? መንገዱ ከአንድ በላይ ነው። በአንጀት ግድግዳ ሥር እጅግ ብዙ የመከላከያ ሕዋሳት ሰፍረዋል፤ ከእነዚህም ዴንድራይቲክ የሚባሉት ሕዋሳት ከባክቴሪያው የወሰዱትን ምልክት ለቲ-ሕዋሳት ያሳያሉ፤ እዚያ የሠለጠነው ቲ-ሕዋስ በደም ተጉዞ ዕጢው ዘንድ ይደርሳል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ደግሞ እንደ ኢኖሲን ያሉ ቅመሞችን አመንጭተው ወደ ደም ይለቅቃሉ፤ እነዚህም ቲ-ሕዋሳትን ያበረታሉ። በሦስተኛ ደረጃ የአንዳንድ ባክቴሪያ ፕሮቲን ከዕጢው ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል፣ አንዱን መምታት የተማረ ሕዋስ ሌላውንም ይመታል። ከእነዚህ የትኛው በሰው ላይ ዋነኛ እንደሆነ ክርክሩ አልተዘጋም።

ከአይጥ ወደ ሰው

እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በአንድ የሳይንስ መጽሔት እትም ሦስት የሰው ጥናቶች ወጡ። የፓሪሱ ቡድን የሳንባ፣ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያለባቸውን 249 ታካሚዎች ተከታትሎ፣ ከነዚህ መካከል ሕክምናው በሚጀመርበት ሰሞን አንቲባዮቲክ የወሰዱት 69 ሰዎች ዕድሜ ማጠሩን አስተዋለ። የወሰዱት አማካይ የመቆያ ጊዜ 11.5 ወር ሲሆን ያልወሰዱት 20.6 ወር ነበር። መልካም ምላሽ በሰጡት ታካሚዎች አንጀት ውስጥ አከርማንሲያ ሙሲኒፊላ የተባለ ባክቴሪያ በርከት ብሎ ተገኘ። የሂዩስተኑ ቡድን በሜላኖማ ታካሚዎች ላይ ፊካሊባክቴሪየምን፣ የቺካጎው ቡድን ደግሞ ቢፊዶባክቴሪየም ሎንገምንና ሌሎችን አወደሰ።

ልብ ብሎ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ሦስት ከተሞች ሦስት የተለያዩ ባክቴሪያዎችን ሰየሙ። ደግሞስ አንቲባዮቲክ የወሰደ ታካሚ ቀድሞውኑ ይበልጥ የታመመ ሊሆን አይችልም? ጥርጣሬው እውነት አለው፤ እንዲህ ያለ ክትትል ምክንያትንና አጋጣሚን ጨርሶ አይለይም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2019 በ196 ታካሚዎች ላይ የታተመ ሌላ ጥናት ጥርጣሬውን በከፊል የሚያቀል ነገር አሳይቷል። አንቲባዮቲኩን ከሕክምናው በፊት ባለው ወር የወሰዱት አማካይ የመቆያ ጊዜ 2 ወር ብቻ ሆኖ ያልወሰዱት 26 ወር ሲደርስ፣ በሕክምናው መካከል በወሰዱት ላይ ግን ይህን የመሰለ ልዩነት አልታየም። የበሽታው ክብደት ብቻ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ጊዜው እንዲህ ባልለየ ነበር ብለን እናስባለን።

ከዚህ የጠነከረው ማስረጃ ለሰሚው የሚከብድ ነው። መድኃኒቱ በሠራለት ሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አዘጋጅተው መድኃኒቱ እምቢ ላለው ሰው አንጀት ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 የእስራኤል ሐኪሞች ይህን ካደረጉላቸው 10 የሜላኖማ ታካሚዎች ሦስቱ፣ በአሜሪካ ፒትስበርግ ደግሞ ከ15 ስድስቱ ቀድሞ ባልሠራላቸው መድኃኒት ተጠቀሙ። በ2023 በካናዳ ከጤነኛ ሰዎች የተወሰደ ናሙና ከመድኃኒቱ ጋር ከመጀመሪያው የተሰጣቸው 20 ታካሚዎች ተመርምረው 13ቱ ምላሽ ሰጡ። ቁጥሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ አብዛኞቹም ያለ ንጽጽር ቡድን የተሠሩ ናቸው። አደጋም አለው። በ2019 በአሜሪካ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ከለጋሽ ወደ ሁለት ሕሙማን ተላልፎ አንደኛው ሞቷል። ቢሆንም የአንጀት ነዋሪዎችን በመለወጥ ብቻ የሞተ የመሰለ መድኃኒት ዳግመኛ ሲሠራ መታየቱ ነገሩ ተራ አጋጣሚ እንዳልሆነ ያሳያል።

ጥያቄው በአገራችን ቀድሞ ተጠይቆ ነበር

አንባቢያችን በልቡ የያዘልንን ቢሲጂ አሁን እናንሣ። ከቺካጎና ከፓሪስ አይጦች 14 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ዳንኤል ኤልያስ፣ ዳዊት ወልዳይ፣ በየነ ጴጥሮስና የስዊድን ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያውያን ላይ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። መነሻቸው የታወቀ እንቆቅልሽ ነበር። ቢሲጂ በአንዳንድ አገሮች በሚገባ ሲከላከል በሌሎች ደካማ ይሆናል። ምክንያቱ በተከታቢዎቹ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ትላትሎች ይሆኑ? ትል የተገኘባቸውን ፈቃደኞች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን የትል መድኃኒት የሆነውን አልቤንዳዞል፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጡ፤ ከዚያም ለሚያስፈልጋቸው ቢሲጂ ወጓቸው።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ትሉ የወጣላቸው ሰዎች ቲ-ሕዋሳት ለሳንባ ነቀርሳው ፕሮቲን የሰጡት ምላሽ በረታ፤ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው የማንቂያ ቅመም መጠን ጨመረ። ክትባቱ ምላሹን ከፍ ያደረገው ትሉ በወጣላቸው ላይ ነበር፤ ባልወጣላቸው ላይ አላደረገም። ታማኝ ለመሆን ያህል፣ ይህ ልዩነት በቤተ ሙከራ ሕዋስ ላይ እንጂ በቆዳ ምርመራ ላይ አልታየም። በ2008 የወጣው ተከታይ ጥናት ምክንያቱን ይበልጥ አቀረበ፤ ትል ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለው የማረጋጊያ ቅመም ከፍ ብሎ ተገኘ። ትሉ በሰው አንጀት ለዓመታት ሳይባረር የሚኖረው የባለቤቱን የመከላከል ኃይል እያለዘበ ነው። የካንሰር ዕጢዎችም ራሳቸውን ለመሸሸግ ከሚገለገሉባቸው ቅመሞች አንዱ ይኸው ቲጂኤፍ-ቤታ መሆኑን ስንጨምር፣ የአገራችን ጥናት የጠየቀውና የዛሬው የካንሰር ምርምር የሚጠይቀው ጥያቄ በዘር የሚዛመዱ መሆናቸው ይታየናል። ሁለቱም የሚሉት፣ የመከላከል ኃይልን ለማንቃት የተሰጠ ነገር መሥራት አለመሥራቱ በአንጀት ነዋሪዎች ፈቃድ ጭምር ነው።

ትልና ባክቴሪያ አንድ አይደሉም። ቢሆንም በአንድ ቤት የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ የአንዱ መውጣት የሌላውን ኑሮ ይነካል።

የማን አንጀት?

ከላይ የጠቀስናቸው ጥናቶች ሁሉ የሂዩስተን፣ የፓሪስ፣ የቺካጎና የመሳሰሉት ከተሞች ታካሚዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። በእነዚያው አገሮች መካከል እንኳ ውጤቱ አይገጥምም። በ2022 ከብሪታንያ፣ ከኔዘርላንድና ከስፔን የመጡ 165 የሜላኖማ ታካሚዎች ናሙና ተነቦ ከቀደሙት ጥናቶች ጋር ሲነጻጸር፣ በሁሉም ዘንድ መልካም ምላሽን የሚተነብይ አንድ ባክቴሪያ አልተገኘም። በአውሮፓ ጎረቤታሞች መካከል እንዲህ ከሆነ፣ ከፓሪስ የተገኘ ዝርዝር በዳሞታ ተራራ ግርጌ ላለ ገበሬ አንጀት ይሠራል ብሎ ማሰብ ችኮላ ነው።

ለምሳሌ ፕሪቮቴላ ኮፕሪ የተባለውን ባክቴሪያ እንመልከት። በ2019 ከኢትዮጵያና ከጋና የተወሰዱ ናሙናዎችን ጭምር ያካተተ ሰፊ ጥናት፣ ይህ ባክቴሪያ በምዕራባውያን አኗኗር ከሚኖሩ ሰዎች ከ100 ወደ 30 ገደማ በሚሆኑት ብቻ ሲገኝ፣ በሌላው አኗኗር ከሚኖሩት ከ100 ከ90 በሚበልጡት ዘንድ እንደሚገኝ አሳየ። ይልቁንም አንድ ነው ሲባል የቆየው ባክቴሪያ አራት የተለያዩ ጎሣዎች ያሉት ሆኖ፣ በእኛ ዓይነት ሰዎች አንጀት ከአንድ በላይ የሆኑት አብረው ሲኖሩ ተገኙ። ይህ ባክቴሪያ የእጽዋት አሠር በሚበዛበት ማዕድ የሚደሰት ነው።

የወላይታ ማዕድ ደግሞ ከዚህ አንጻር ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። በቋንቋው «ኡታ» የሚባለው እንሰት ተፍቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ለሳምንታትና ለወራት ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ብላቱን የሚጀምረው ሊዩኮኖስቶክ የተባለው ባክቴሪያ ከባልደረባው ጋር ሲሆን፣ አሲዱ እየበዛ ሲሄድ ቦታውን ለላክቶባሲለስ ወገኖች ይለቅቃል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማውን ስሕተት ማረም እንወዳለን። ቆጮ በባክቴሪያ የበሰለ ስለሆነ «ጠቃሚ ባክቴሪያ እንበላለን» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ቆጮው ምጣድ ላይ ሲጋገር ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። ወደ አንጀት የሚወርደው ሕያው ባክቴሪያ ሳይሆን፣ በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ አልፎ ለነባሮቹ ነዋሪዎች ቀለብ የሚሆነው አሠርና ስታርች ነው። ሳይበስሉ የሚቀርቡት ቦርዴና ዳጣ ግን ሕያዋኑን ይዘው ይወርዳሉ።

ቀለቡ ከእንግዳው ይበልጣል የሚል ማስረጃም አለ። የሂዩስተኑ ቡድን በ2021 የ128 የሜላኖማ ታካሚዎችን አመጋገብ መዝግቦ፣ በቀን 5 ግራም አሠር በተጨመረ ቁጥር በሽታው የመባባስ ወይም ታካሚው የመሞት ዕድል በ30 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ አገኘው። በገበያ የሚሸጥ የባክቴሪያ ክኒን የዋጡት ግን የተሻለ አልሆነላቸውም፤ በአይጦች ላይማ ክኒኑ የመድኃኒቱን ሥራ አደናቀፈ። በመሆኑም ዘመድ ከውጭ አገር የሚልከውን የባክቴሪያ ክኒን በካንሰር መድኃኒት ላይ ደርቦ መዋጥ ሐኪም ሳይጠየቅ የሚደረግ ነገር አይደለም። በኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሕዋሱ የወረደበት ታካሚ ደግሞ ሳይበስል የሚበላውንና የሚጠጣውን ጭምር ከሐኪሙ ጋር ቢመክር ይበጀዋል።

እስከዚያው ድረስ

መድኃኒቱ እስኪደርስ የሚደረግ ነገር የለም ማለት አይደለም። በመጀመሪያ፣ የማሕፀን በር ካንሰርን ከመነሻው የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት በአገራችን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። አንድ ክትባት ከዓመት ሙሉ ፔምብሮሊዙማብ ዋጋው እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ይህን አልፎ ስለ መድኃኒቱ ብቻ ማውራት ቅደም ተከተልን መሳት ይሆናል።

ቀጥሎ የአንቲባዮቲክ ነገር አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ለጉንፋን መዋጥ፣ ሁለት ቀን ሲሻል ማቋረጥ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል በከተማም በገጠርም የምናውቀው ልማድ ነው። እስከ ዛሬ ይህን የምንነቅፈው ባክቴሪያው መድኃኒት ይለምዳል በሚል ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ምክንያት ተጨምሯል። ይህን ስንል ግን በእውነተኛ ኢንፌክሽን የተያዘ የካንሰር ታካሚ አንቲባዮቲክ ይተው ማለታችን እንዳልሆነ አጥብቀን እናሳስባለን፤ እንዲህ ያለው ታካሚ ያለ አንቲባዮቲክ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የምንለው ላልተፈለገው ነው።

ሦስተኛው የተመራማሪዎች ድርሻ ሲሆን፣ ጊዜ የማይሰጥ የሚመስለንም ይኸው ነው። በጌሺያሮ መርሐ ግብር በወላይታ ሕፃን ዐዋቂ ሳይባል የትል መድኃኒት በተደጋጋሚ ይታደላል። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ ወስፋትና መንጠቆ ትል ልጆችን ያቀጭጫሉ፣ ደም ያሳጣሉ። ለሳይንስ ግን አንድ በር በመዘጋት ላይ ነው ማለት ነው። ትል ያለበትና ትል የወጣለት አንጀት በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ማዕድ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን የሚታይበት ጊዜ አጭር ነው። ከመድኃኒቱ በፊት የተወሰደ ናሙና ካመለጠ ሁለተኛ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀድሞ ኦቶና ይባል የነበረው የማስተማሪያ ሆስፒታሉና የእኛን የመሰሉ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ለዚህ የሚያስፈልጋቸው ነገር ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ለትል እንቁላል ቆጠራ ከሚመጣው ናሙና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር ወስዶ፣ ዘረመሉን በሚጠብቅ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ወይም ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ይበቃል። ዘረመሉን የሚያነበው መሣሪያ በእጃችን ባይኖር እንኳ የተቀመጠው ናሙና ለዓመታት ሳይበላሽ ይጠብቃል፤ የሚያስፈልገው መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን የሚያስነሣ ጄኔሬተርና በየዕቃው ላይ በማይለቅ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ነው።